ከወንበሩ ሥር የቀረው አረንጓዴ

የልጆቼ አባት፣ ያ የሮቢት የወባ ንዳድ አንተን ከነጠቀኝ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። በሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር። እዚህ ማን ይሰማናል፣ ጓዳ ስንጫወት እልህ እንደነበረው አንተ ልበልህ።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ ውሸት ይሆናል። ጣሊያን ከመንገዱ ዳር ካምፕ ሠርቶ ተደላድሏል። የጭነት መኪናህን፣ ካሚዮንህን፣ የሚነዳት ወንድሜ ታደሰ ነው። ከቀወት ማሽላ ጭኖ ጣርማ በር ያወጣል፤ የምንበላው ከዚያች ነው። በቀደም የካምፑ ሹም በዚህ መንገድ የሚመላለስ መኪና ሁሉ አመድማ ቀለም ይቀባ፣ ያልተቀባ ይወረሳል ብሎ አዘዘ። ቀለሙንም በቆርቆሮ አደሉን።

ታደሰን ታውቀዋለህ፣ እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። አንተ በጥብጠህ በቀባሃት አረንጓዴ ላይ አመድማውን ደረበበት። ገና ሳይደርቅ የሞተሩ ክዳን፣ ኮፋኖው፣ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ፤ አንዳንዱ ቦታም አረፋ አውጥቶ ተላጠ። ታደሰ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው፤ እሱም ከተበላሸ መኪናዋም እንጀራችንም ሄደ ማለት ነው።

ያኔ ትዝ አልከኝ። ከደጃችን ሾላ ጥላ መኪና ስትቀባ ውኃ ይዤልህ ስመጣ፣ ቀለምና ቀለም ይጣላል፣ መስማማታቸውን ሳትጠይቂ አታጋቢያቸው ትለኝ ነበር። እኔም እስቅብህ ነበር። አሠራርህ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ መኪናዋን በሳሙና አጥበህ፣ ቅባቷን በቤንዚን ጠርገህ ታደርቃታለህ። ከዚያ ሰው የማያየው ቦታ፣ ከበሩ ውስጥ በኩል፣ መዳፍ የምታህል ቀብተህ ታሳድራለህ። ከተኮማተረ፣ የታችኛው ሳይነሣ የላይኛው አይቀመጥም። ስትቀባም በስሱ ነው፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርብም፣ የቀትር ፀሐይም አታስነካውም። ይህንኑ ለታደሰ ነገርኩት። ከበሩ ውስጥ ሞክረን አሳደርነው፤ ጠዋት ተኮማትሮ አገኘነው።

እንግዲህ አረንጓዴው እስከ ብረቱ፣ እስከ ላሜራው መነሣት ነበረበት። ታደሰ መፋቅ ሲጀምር ማየት አላስቻለኝም፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ ፋቅኩት። የእጅህ ሥራ ዱቄት ሆኖ ቀሚሴ ላይ ሲረግፍ ሁለተኛ የቀበርኩህ መሰለኝ። አለቀስኩ፣ እጄን ግን አላቆምኩም። ልጆቹ መብላት አለባቸው።

አመድማው በባዶው ላሜራ ላይ ረግቶ ተቀመጠ። ሹሙ ዞር ዞር ብሎ አይቶ አሳለፋት። መኪናዋ ተረፈች።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ትንሿ ልጃችን ከሞትክ በኋላም ቢሆን፣ አረንጓዴዋ ከመንገዱ ብቅ ስትል አባባ መጣ እያለች ትሮጥ ነበር። መሞትህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፣ ልማድ ሆኖባት ነው። አሁን መኪናዋ ደጃችን መጥታ ብትቆምም ቀና ብላ አታያትም። ከጣሊያን መኪና አትለያትም።

ከሹፌሩ ወንበር ሥር መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ሳልፍቅ ትቻለሁ። ታደሰ አይቶ ወንበሩን መልሶ ገጠመው። ዛሬ ልጅቷን ይዤ ገባሁና ወንበሩን አንሥቼ አሳየኋት። እጇን እላዩ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። በሕይወት እስካለሁ እዚያች ላይ ማንም ቀለም አይደርብም። እንዳትረሳህ፣ መኪናዋ በገባች ቁጥር ወንበሩን አነሣላታለሁ።