በስምህ የሚያንኳኳው ሰው

ውድ ወንድሜ ነብዩ፣

ከሁሉ በፊት ይህን እወቅልኝ፤ የኮሌጃችንን ኔትወርክ ከአሮጌው አሠራር ወደ አዲሱ ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ሰርቨሩን ከክላውድ ጋር ያስተዋወቅሁት፣ ስልሳ ሦስት ሠራተኛ በየስሙ እንዲገባ ያደረግሁት እኔ፣ የበር ጥበቃው ካሣዬ። እንግዲህ ሙሉ በሙሉ እኔ ነኝ ማለት ትንሽ ይከብዳል። ባንተ ቦታ የተቀጠረች ሕሊና የምትባል ልጅ ነበረች። እሷ ኮምፒውተሩን ስትነካ እኔ የስም ዝርዝሩን አነብላት ነበር። ግን ያለ አንባቢ ምን ልትሠራ ነበር?

አዎ፣ አነባለሁ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። አንተ ስትሄድ ደመወዜን በጣት አሻራ እፈርም የነበርኩት ሰውዬ ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ነው የምጽፍልህ። መምህራችን እንዳንተ ፈጥኖ የገባው ተማሪ አላየሁም ብለውኛል። ለሁሉም እንዲያ ይላሉ፤ ለእኔ ሲሉ ግን ድምፃቸው ይለያል።

ቀልዴን ልተወው። የምጽፍልህ ፈርቼ ነው። ሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ምናልባት እዚያ ጉባ ድረስ ተደውሎ አንተም ትጠየቅ ይሆናል። ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው፤ ነገሩ የመጣው በስምህ ነው።

ወደ ግድቡ ሥራ ልትሄድ ዕቃህን የጫንክበትን ቀን ታስታውሳለህ? ልጄ የዝና ከእናቷ ጋር ማንቡክ እንደምትኖር፣ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር፣ የስልክ ሒሳብም ስለማይበቃኝ፣ ወር ሙሉ ድምፅዋን ሳልሰማ እንደምከርም ታውቅ ነበር። ስልኬን ተቀበልከኝ፣ ትንሽ ነካካህና መለስክልኝ። «ጋሽ ካሣዬ፣ ግቢ ውስጥ እስካለህ ድረስ ከእንግዲህ የኮሌጁ ዋይፋይ ላይ ራሱ ይገባልሃል። ለማንም አትንገር» አልከኝ። ምን እንደጻፍክበት አልጠየቅሁህም። ብጠይቅስ ማን ያነበው ነበር? ከዚያ ወዲህ የዝና በየማለዳው ድምፅዋን በቴሌግራም ትልክልኝ ነበር፤ ምን እንደበላች፣ ፍየሏ የማንን ጎመን እንዳጠፋች፣ መምህሯ ለምን እንደተቆጣቻት። ይህን ሁሉ ያደረግህልኝ አንተ ነህ፣ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አላመሰገንኩህም።

ወደ ነገሩ ልምጣ። ሕሊና ሥራውን እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። እስካሁን ሰርቨሩ የሰዎቹን ስምና የይለፍ ቃል ራሱ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነበር። ከእንግዲህ ግን ስሙ የሚቀመጠው ክላውድ ላይ፣ ሩቅ ባለ መዝገብ ውስጥ ነው። ሰው ልግባ ሲል ሰርቨሩ ያንን መዝገብ ይጠይቃል፤ «አለ» ከተባለ ያስገባል፣ «የለም» ከተባለ ይመልሳል። ወዲያው ገባኝ፣ የእኔው ሥራ ነዋ። እኔም የማላውቀው ሰው በር ላይ ሲቆም ወደ አስተዳደር ደውዬ ይግባ ወይ እላለሁ። «ታዲያ መስመሩ ቢቋረጥስ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ይህን የጠየቅኸኝ አንተ ብቻ ነህ አለችኝ። ይቺን ለኮሚቴው እነግራለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ገብተን ጀመርን። እኔ ስም እጠራለሁ፣ እሷ ከመዝገቡ ታመሳክራለች። «ገብረ ሥላሴ።» «አለ።» «ኮከብ።» «አለች።» ከላይ እስከ ታች ሳየው የጥበቃና የጽዳት ሰው ስም አንድም የለበትም። ስምህ ጋ ስደርስ በቀይ መስመር ተሰርዟል። እሱ ለቋል፣ አሮጌው ላይ የሚያጠፋው አጥቶ ነው የቆየው፣ ወደ አዲሱ አይዛወርም፣ ዝለለው አለችኝ። ከፋኝ፤ ዘለልኩት። ከዚያ አሮጌውን ዘግታ አዲሱን አስጀመረችው።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ሌላ ተከተለ። ሌላም።

«በነብዩ ስም ሊገባ የሚሞክር ሰው አለ» አለች። «ይመለሳል፣ እንደገና ያንኳኳል።»

ነብዩማ ጉባ ነው አልኳት። እሷ አልሰማችኝም፣ የጠዋቱን መዝገብ ከፍታ እያየች ነበር። ለካ ሰውየው በየትኛው የዋይፋይ አንቴና በኩል እንዳለ ይታያል። በጣቷ እየተከተለች ነገረችኝ፤ ሁለት ሰዓት ላይ ዋናው በር ነበር፣ ሦስት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ። እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ቀጠነ።

«አሁን እዚህ ነው። ከራሳችን በላይ ያለው አንቴና ነው የያዘው።»

ሕሊና ዘላ ተነሥታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችና ቁልፉን ጨብጣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እኔ ዱላዬን አነሣሁ። ሰው አልፈራም፣ ታውቀኛለህ። ግን መልኩን ሳያሳይ በሌላ ሰው ስም የሚሄደው በምኑ ይመታል? ጠረጴዛው ሥር አየሁ። ጣሪያውን አየሁ። አልደብቅህም፣ ስልክህም ሁለት ወር ተዘግቶብኝ ነበርና፣ ሞተህ መንፈስህ የመጣ መሰለኝ። እኔን ብቻ እንዳትጠራኝ ብዬ በሆዴ ለመንኩህ።

«ጋሽ ካሣዬ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «ዛሬ በር ላይ፣ ከዚያ መዝገብ ቤት፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያየኸው ሰው አለ?»

ማሰብ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ማን ነበር? እኔ። ሦስት ሰዓት ላይ ደብዳቤ ሊቀበል መዝገብ ቤት የገባው ማን ነው? እኔ። በኮሪደሩ መጥቶ እዚህ የገባውም እኔ። ያንን አንተ የነካካኸውን ስልክ ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌው ነበር፤ ልቤና እሱ ጎን ለጎን ሆኑ።

«አላየሁም» አልኳት።

እጄን ኪሴ ከትቼ ስልኩን አጠፋሁት። ቀዩ መስመር መውጣቱን አቆመ። ሄደ ብላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፤ እጇ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን አይቼ ዝም አልኩ። ሰኞ በዚህ ቢቀጡኝ አላዝንም።

ሕሊና ለዲኑ ለአቶ ቦዔዝ ነገረች፤ ግዴታዋ ነው። እሳቸው ደግሞ ነገሩን ካንተ ላይ አሳረፉት። ወይ ራስህ ሰው ልከህ፣ ወይ ስምህን ለሌባ ሰጥተህ ነው አሉ። እኔን ጠርተው ግቢውን ዞሬ ሰውየውን እንድይዝ አዘዙኝ። ዞርኩ። ራሴን ፍለጋ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። የጽዳት ሠራተኛዋ ቶይባ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

«ካሣዬ፣ ዛሬ አንተ ጋ ወሬ የለም» አለችኝ። «ሌባ ፈራህ እንዴ?»

ዱላዬን ይዤ ፍለጋዬን ቀጠልኩ።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ቦዔዝ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። መዝገብ ቤት ማኅተም አስመትቼ፣ ጉባ ለሚሄደው ሹፌር ለአንለይ እንዳስረክብ ነው። ድሮ ቢሆን ወረቀት ለእኔ ወረቀት ነው፣ አድርሼ እመጣ ነበር። አሁን ግን ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። በሕይወቴ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይህ ነው። ለአሠሪዎችህ የተጻፈ ነው። የቀድሞ ሠራተኛችን አቶ ነብዩ የተቋማችንን ኔትወርክ ያለ ፈቃድ ሲጠቀሙ ስለተደረሰባቸው፣ ይላል፤ ተገቢው እርምጃ ይወሰድ ዘንድ፣ ይላል። «እርምጃ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። አልተሳሳትኩም። እዚያው ደረጃው ላይ ዞርኩና ደብዳቤውን ይዤ ወደ አቶ ቦዔዝ ቢሮ ተመለስኩ።

ሕሊናም እዚያ ነበረች። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሌባው ይኸው» አልኩ። «ነብዩ ምንም አያውቅም። ልጄን እንድሰማ ብሎ ነው የከፈተልኝ።»

አቶ ቦዔዝ ስልኩን ሳይነኩት ብዙ አዩት። ስንት ወር ሆነህ አሉኝ፤ ዘጠኝ አልኩ። ሌባውን ፈልግ ስልህስ አሉኝ፤ ፈለግሁ አልኩ። ቀልድ መሰላቸው፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን የቀልድ ፍላጎት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሕሊና ናት የጎዳችኝ።

«ቁልፉን ጨብጬ ስንቀጠቀጥ አጠገቤ ቆመህ ነበር፣ ጋሽ ካሣዬ።»

 

አቶ ቦዔዝ ያንተን ደብዳቤ ቀደዱት፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ቃልህን በጽሑፍ አቅርብ አሉኝ። ግማሽ ቀን ፈጅቼ ስድስት መስመር ጻፍኩ። የማታ ትምህርት የገባሁት ለልጄ ደብዳቤ ልጽፍ ነበር፤ መጀመሪያ የጻፍኩት ግን በራሴ ላይ ምስክርነት ሆነ። ፊርማዬ ግን ያምራል፣ እሱን ማንም አይክደውም።

አሁን ሰኞን እጠብቃለሁ። ካባረሩኝ ከጥበቃ ቤቱም እወጣለሁ፤ ማንቡክ ምን ይዤ እገባለሁ? የዝናም ከረቡዕ ወዲህ ድምፄን ስታጣ ምን ብላ ይሆን? አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ከደወሉልህ እኔን ለማዳን ብለህ እንዳትዋሽ። እንደሆነው ተናገር፤ ስልኩን የነካካሁት እኔ ነኝ በል፣ ለምን እንደሆነም ንገራቸው። እኔም ይህንኑ ነው የጻፍኩት፤ ቃላችን አንድ ይሁን።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ፈርሜ ልዘጋው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። እዚህ ውስጥ አንድ ያልሆነ ነገር ጽፌልሃለሁ። ከደረጃው ላይ አልተመለስኩም። አንብቤው፣ ገብቶኝ፣ ማኅተም አስመትቼ ለአንለይ ሰጠሁት። መኪናው ሲወጣ በሩን የከፈትኩለትም እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ፣ ነብዩ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ላንተ ሳይሆን ለራሴ ፈራሁ። ከዚያ ነው ባጃጅ ይዤ የሮጥኩት። አንለይን ነዳጅ ማደያው ሰልፍ ላይ አገኘሁትና ደብዳቤውን ተቀበልኩት፤ ከፊቱ የቀሩት ሦስት መኪኖች ነበሩ።

ውለታህ ያልተገባው ወንድምህ፣
ካሣዬ
አሶሳ