የአጥንት ከሰል

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ዛሬ ከምሳ በኋላ ከአዳማ ተነስቼ ወንጂ አጠገብ ወዳለው የሸንኮራ ቆራጮች ሰፈር ሄድኩ። የውሃ ማጣሪያው ቆሟል ብለውኝ ነበር። ጥርስ የሚያበልዘውን፣ ወገብ የሚያጎብጠውን ፍሎራይድ የሚያስቀር ማጣሪያ ነው። እሱን ለማስመጣት በየአገሩ ስብሰባ ላይ፣ የድሃ አገር ሰውም ንጹህ ውሃ ይገባዋል እያልኩ ስንት ዓመት ጮኼበታለሁ።

አልተበላሸም። ጾም ስለገባ ማንም አይቀዳበትም።

"ዶክተር፣ በእንጨት ከሰል የሚያጣራ መስሎን ነበር። የከብት አጥንት ነው አሉን" አሉኝ እማማ ዘነበች፣ ጎብጠው ምርኩዛቸውን እንደያዙ። "በሁዳዴ እንዴት አድርገን እንጠጣው?"

"ተቃጥሎ ከሰል የሆነ እኮ ነው፣ እማማ።"

"እርስዎስ ይጠጡታል?"

ሽሮ በልቼ የወጣሁት እኔም ጾመኛ ስለሆንኩ ነው። እቅዱን ስጽፍ ግን ጾም የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም፤ እነሱንም አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም።

የልጅ ልጃቸው ማጣሪያ ከሌለው ከድሮው ቧንቧ ውሃ ቀድታ አመጣችልኝ። ስታናግረኝ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

"አመሰግናለሁ፣ መኪና ውስጥ የታሸገ አለኝ" አልኳት።

እማማ ዘነበች ብርጭቆውን ተቀበሏትና ፊት ለፊቴ ጨለጡት።