ዘውድ የጫነው የዮናስ ሥዕል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4 ቀን 1971 ዓ.ም.
ጉለሌ

ዛሬ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ተፈራ ለፍተሻ መጣ። እዚሁ ጎረቤት ያደገ ልጅ፣ ጠመንጃ አንግቶ እንደ ባዕድ ገባ። ልጄ ዮናስ መጀመሪያ ሲቆርብ የካቶሊክ ሚስዮን መነኮሳት ሲስተሮቹ የሰጡትን የቅዱስ ሥዕል ግድግዳው ላይ አየና፣ "እትዬ ማርታ፣ ይሄ ዘውድ የጫነው ማነው?" አለኝ።

"ቅዱስ ነዋ!" ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት! አፌ መች ያርፋል። የፈረንጅ ንጉሥ ልጅ እንደነበር፣ የሐር መኝታውን ትቶ መሬት ላይ መተኛቱን፣ የቤተ ክርስቲያን በር እስኪከፈት ደጅ ላይ ተንበርክኮ መጠበቁን፣ ያለውን ለድሃ ማደሉን ሁሉ ነገርኩት።

"ይኸው፣ ልዑል ነው አሉኝ እኮ በራስዎ አፍ! ነገ ጓዶቹ ሲመጡ ዘውዱን እንዳያዩት" ብሎኝ ወጣ።

ቅዱሱ በወጣትነቱ መሞቱን ግን አልነገርኩትም። ዮናስ ወደ ሰሜን ከዘመተ፣ ወሬውም ከጠፋ ወዲህ፣ ያ ነገር ከአፌ አይወጣም።

ሥዕሉን ማቃጠል አልሆነልኝም። መቀስ አንስቼ ዘውዱን ብቻ ቆረጥኩት። መቀሱ አልፎ ከግንባሩም ትንሽ አብሮ ሄደ። እንደዚያው መልሼ ሰቀልኩት። ቅዱሱ ራሱ ዘውዱን መች ፈለገው ብዬ ልጽናና ሞከርኩ፤ በቃ፣ አልጽናና አልኩ። ዮናስ ማታ ማታ እየተንበረከከ የሚያየው ፊት ነበር። ሲመጣ፣ "እማዬ፣ ምን አደረግሽው?" ብሎ ይቆጣኛል።

እስቲ ብቻ ይምጣና ይቆጣኝ...