ለእሑድ የተዋስኳቸው ወንበሮች

ሮተርዳም ዙይድ፣ ጥር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ሆነ? ልጆቹስ በርትተው ይማራሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደኅና ነው፤ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ዴን ሃግ ከተማ ቢሮ ስጠርግ ውዬ ስመለስ ባቡር ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ሁለት ጊዜ ጣቢያዬን አልፌ ሄጃለሁ። ሁልጊዜ አስቀድሜ የምጠይቅሽን ሰው ዛሬ አልጠየቅኩሽም። ለምን እንደሆነ ወረድ ብለሽ ታገኚዋለሽ።

የእንግሊዝኛው ትምህርት አልቆ ባለፈው ቅዳሜ ተፈተንኩ። ቢሮ መጥረግ ትተህ ቢሮ ውስጥ ተቀመጥ ብለሽኝ የለ፤ ያው ተፈተንኩልሽ። ከፈተናው በፊት አስተማሪያችን «ዊዝሆልድ» የሚል ግስ ሰጥታን በዓረፍተ ነገር ተጠቀሙበት አለች። ትርጉሙን ስትነግረን፣ መከልከልም መደበቅም ብቻውን አይገልጸውም አለች። ለሌላው የሚገባው ነገር አንተ እጅ ላይ አለ፤ መስጠት ትችላለህ፤ አትሰጥም። ቀጣሪ ደመወዝ ሲይዝ፣ ሹም ፈቃዱን ሲነፍግ፣ ምስክር የሚያውቀውን ሳይናገር ሲቀር፣ ለሁሉም ይኸው ግስ ነው።

ምስክሩ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ እህቴ ስለምትወደኝ የአባቴን ዜና ሳትነግረኝ ያዘችው። አስተማሪዋ «ስለምትወደኝ» በሚለው ላይ በቀይ አሰመረችበት። አጻጻፍህ ልክ ነው፣ ግን ይህ ግስ ከፍቅር ጋር አይሄድም፣ በደል አለበት አለችኝ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር፣ ሩቅ ያለ ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ሰው ተሰብስቦ በማለዳ እንደሚሄድለት ላስረዳት ሞከርኩ። እንግሊዝኛዬ አልበቃኝም።

አዎ፣ አውቄአለሁ። ያሳበቀብሽ ኅዳር ላይ የላክሽው ካሴት ነው። ካሴቱ ላይ አባባ ያ ጥርስህን አስነቀልከው ወይ ይላሉ። ጥርሴን ካስነቀልኩ እኮ ሁለት ዓመት አለፈ፤ እሳቸውም እሰይ፣ ተገላገልክ ብለው አስጽፈውልኝ ነበር። ሳይላክ የቀረ የድሮ ካሴት አግኝተሽ መሆን አለበት። በደብዳቤሽ ግርጌ በገዛ እጃቸው የሚሥሏት መስቀልም ከሐምሌ ወዲህ የለችም።

ተናድጄብሻለሁ፤ አልዋሽሽም። ለእንቁጣጣሽ ሆግቭሊት የሚባል ሰፈር፣ አበባይሽ የምትባል ያገራችን ልጅ ቤት ተጠርተን ጨፈርኩ እኮ! ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ጨፈርኩ። አብረውን የተጠሩት እትዬ ወለተሥላሴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እኔ ሽንኩርቱ መስሎኝ ልክተፍልዎት ወይ እላለሁ። ለካ ሁሉም ያውቃል። ፈተናው እስኪያልፍ ያዙልኝ ብለሽ ለሽማግሌያችን ለጋሽ ገብረሥላሴ እንደጻፍሽላቸው አሁን ገባኝ።

እኔስ ብሆን? ሁለት ወር ሙሉ ማወቄን ይዤ ተቀመጥኩ። ማወቄን ለእነ ጋሽ ገብረሥላሴ ብነግራቸው የሚነግሩኝ አይኖራቸውም፤ ብቻዬን ባለቅስ ደግሞ አንቺ የፈራሽው ሆነ ማለት ነው። የሰው ጠረጴዛ እየወለወልኩ የመጣውን እንባ ስንቴ መልሼ ዋጥኩት። ደክሞኛል እህቴ፤ ያደከመኝ እሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ገብረሥላሴ ደወሉ። እሑድ ማለዳ ቤት አለህ ወይ አሉኝ። አለሁ አልኳቸው። እንዲያው ሁለት ሦስት ሆነን ብቅ ብንል ብለን ነው አሉና ስልኩን ቶሎ ዘጉት። ከጎረቤቴ ከሆላንዳዊቷ ስድስት ወንበር ተዋስኩ። ልደትህ ነው ወይ አለችኝ፤ እዚህ አገር ሰው ወንበር ዙሪያውን ደርድሮ የሚቀመጠው ለልደት ነው። አዎ አልኳት። ምን ልበላት?

እሑድ ሲነግሩኝ እንደ አዲስ እሰማቸዋለሁ። ያን ያህል ወር የተሸከሙልኝን ከእጃቸው መቀበል አለብኝ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ተነግሮኝ፣ ከሰው ጋር አልቅሼ፣ ወንበሮቹንም መልሻለሁ። አንቺም ለእኔ ብለሽ የያዝሽውን እንባ ልቀቂው። በየደብዳቤው ደኅና ናቸው እያልሽ ስትጽፊ እጅሽ እንዴት እንደከበደሽ አውቃለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም ቁጣዬን ይቅር በይኝ።

እመቤቴ አንቺንም ልጆችሽንም በያላችሁበት ትጠብቅልኝ፤ ቤትሽን አታጉድልብሽ። ከእንግዲህ አባባ ሰላም ብለውሃል ብለሽ አትጻፊልኝ። በመጨረሻ የማንን ስም እንደጠሩ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ