ሦስተኛው ጥሪ

ጥቅምት 2

ዝናቡ አባራ። የሙዚቃ መምህሩ ለጥገና ያመጣልኝን ሃርሞኒየም ከፈትኩት። ወናፉን አይጥ በልቶታል። አባቴ ቢኖር አይጡን ሳይሆን መምህሩን ነበር የሚረግመው።

ቱንቱኒን ከትምህርት ቤት አመጣኋት። ሩዝና ዓሣ በላን። የዓሣውን ጭንቅላት ወደኔ ገፋችው። "ማሞኒ፣ ያየኛል።" ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁሉ ነገር ያያታል። ሻርባኒን "ማ"፣ እኔን "ማሞኒ" ብላ እናትነቱን ያከፋፈለችን ራሷ ናት። ገና አፏን ስትፈታ።

ሻርባኒ ካረፈች ዛሬ አርባ ሦስት ቀን። ሆስፒታል "ቤተሰብ ብቻ" ብለው በር ላይ አስቀሩኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን...

ጥቅምት 5

መጻፍ አለብኝ፣ አለዚያ ነገ "መስሎኝ ነው" እላለሁ።

ጀንበር ስትጠልቅ ወናፉን እያጣበቅኩ ነበር። ከኩሬው ወገን "ቱንቱኒ...ይ" የሚል ድምፅ። መጨረሻውን እንደዚያ የምትጎትተው አንድ ሰው ብቻ ናት። ልጅቷ እርሳሷን ጥላ ብድግ አለች። "ማ ናት!"

አፈፍ አድርጌ ያዝኳት። እናቴ የነገረችኝን ነገርኳት። ኒሺ የሚሉት አለ፣ በምትወጂው ሰው ድምፅ ይጠራሻል። ከሁለት ጊዜ በላይ ግን መጥራት አይችልም። የመለሰለት ይወጣል፣ የወጣ አይመለስም። ስለዚህ ሦስተኛ ሳይጠራሽ "አቤት" እንዳትዪ።

"ማንም ቢጠራኝ?"

"ማንም።"

ሁለተኛም ጠራ። ከዚያ ዝም። እውነቱን ልጻፍ፣ ሦስተኛውን የጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 12

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጄን አልሰጥም አለኝ።

"ስምሽ ከዝርዝሩ ወጥቷል።"

"ትናንት እኮ ሰላም ብለኸኝ፣ ስለ ጉልበትህ አጫውተኸኝ..."

"ትናንት ነበርሽ።"

እንዲያ ሲል በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ነው የሚያየው። ኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። በመጨረሻ ለሱቢማል፣ ለሻርባኒ ታላቅ ወንድም፣ ስልክ ደወለ። "ለዛሬ ስጣት" አለው አሉ። ለዛሬ!

ጥቅምት 14

ሱቢማል መጣ። አሥራ አንድ ዓመት ደጃችንን ያልረገጠ ሰው የልጅቷን ልብስ አንድ በአንድ አየ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ?

"ሻይ ላምጣ፣ ዳዳ?" አልኩት፣ እንደ ታላቅ ወንድም።

"አልቀመጥም። ካኮሊ፣ አንቺን የምጠላበት ነገር የለኝም። ግን ልጅቷን በሕግ በጉዲፈቻ የወሰደቻት እህቴ ናት። ከእህቴ ቀጥሎ እኔ ነኝ።"

"እኔስ?"

ትንሽ አሰበ። አሰበልኝ ልበል። "ተከራይ አይደለሽ? ለሰው እንደሱ ነበር የምትሉት።"

እውነት ነዋ። ሕጉ ልጅ የሚሰጠው ለባልና ሚስት ነው፣ አለዚያም ለብቻዋ ለምትኖር ሴት። ለጉዲፈቻው ቤት ሊያዩ የመጡ ዕለት የጥርስ ብሩሼን፣ ቀሚሶቼን፣ ፎቶዎቼን ሰብስቤ ጎረቤታችን እትዬ ጎላፕ ዘንድ ተደበቅኩ። ሐሳቡም የኔ ነበር። ራሴን ከዚህ ቤት የሰረዝኩት እኔው ነኝ። በደንብ አድርጌ ነው የሰረዝኩት።

ጥቅምት 16

ዛሬም ጠራ። ሁለቴ።

ጥቅምት 20

የሙታን ዋዜማ። ለአሥራ አራት ትውልድ ሙታን አሥራ አራት የሸክላ ኩራዝ አበራን። ቱንቱኒ አሥራ አምስተኛ ይዛ መጣች።

"ይሄ ለማ ነው?"

"ማ እኮ ከአሥራ አራቱ ውስጥ ናት። ይሄ ያንቺ ነው።"

ክብሪቱ ጣቴን ለበለበኝ። "እኔ ምን ሆንኩና?"

"የማ ስም ደብተሬ ላይ አለ፣ መታወቂያዬ ላይ አለ። ያንቺ የትም የለም። የሌለው የሞተው አይደል?"

ሳቅኩ። መሳቅ ነበረብኝ። ኩራዙን ግን አላጠፋሁትም፣ ራሴን ማጥፋት መሰለኝ። ከዚያ መስታወት ፊት ሄጄ ቆምኩ። ለማየት ብቻ... ለምን ልዋሽ፣ ፈርቼ ነው።

ጥቅምት 27

የሕፃናት ጉዳይ ኮሚቴ ፊት ቀረብን። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ማራገቢያ። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነው።

"ምኗ ነሽ?"

"እናቷ።"

"እናቷ ሞታለች።"

"ከእናቷ ጋር እንደ ባልና ሚስት ነው የኖርነው። ልጅቷን ሁለታችን ነን ያሳደግናት።"

ብዕሩ ቆመ። ሱቢማል ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

"ጓደኛ ብዬ ልጻፍ?"

"ከጓደኛ በላይ።"

"እንደሱ የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም፣ እህቴ።" አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። "ቱንቱኒ፣ ይቺ ሴት ማናት?" ዝም። "ቱንቱኒ? ንገሪኝ እንጂ።" ዝም። ከንፈሯን ነክሳ ታየዋለች። ሰውየው ትከሻውን ሰበቀና ጻፈ። ከፊት ለፊቱ ሆኜ በግልባጩ አነበብኩት። "ልጅቷ አላወቀቻትም።"

አውቶቡስ ውስጥ ክንዴን ጎተተች። "ማሞኒ፣ ሁለቴ ብቻ እኮ ነው የጠራኝ። ሦስተኛ ቢጠራኝ 'ማሞኒዬ ናት' ልል ነበር።"

እኔ ያስተማርኳት!

ጥቅምት 28

ኮሚቴው ቢሮ ሄጄ አስረዳሁ። ስለ ኒሺ፣ ስለ ሦስተኛው ጥሪ፣ ልጅቷ ስላለችው። ጸሐፊዋ ራሷ የዚህ አገር ልጅ ናት፣ እናቷ እንደነገረቻት ፊቷ ላይ አየሁ። "እንዲህ ያለ ነገር ነው ለልጅ የምታስተምሪው?" አለችኝ። እሱም መዝገቡ ውስጥ ገባ።

ኅዳር 6

ተወሰነ። ለሱቢማል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት እንዳያት ተፈቅዶልኛል፣ ወረቀት ከፈረምኩ። "ከልጅቷ ጋር ምንም ዓይነት ዝምድና የሌለኝ መሆኑን አረጋግጣለሁ።" ካልፈረምኩ ቅዳሜ የለም። እትዬ ጎላፕ አብራኝ ነበረች።

"ፈርሚ፣ አንቺ ሞኝ! ወረቀቱ ይዋሽ፣ አንቺ ልጅሽን እዪ።"

ፈረምኩ። ገና ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጸሐፊዋ "ቀጣይ" ብላ ተጣራች። ቀጣዩ ሰውዬ መጥቶ እላዬ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። ይቅርታም አላለኝ።

ማታ ሻንጣዋን ስናዘጋጅ አስጠናኋት። እዚያ ቤት "ማሞኒ" አይባልም። "አክስቴ" ነው የሚባለው። ከተሳሳትሽ በሩን ይዘጉብናል። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

ኅዳር 9

ቤቱ ውስጥ ትንፋሼ ብቻ። የተጠገነውን ሃርሞኒየም ማንም ሳይነካው ወናፉ ቀስ ብሎ ወረደ። አየር ያስወጣል፣ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ቢሆንም...

ጀንበር ስትጠልቅ ድምፁ መጣ። ዛሬ ቱንቱኒ አላለም። "ካኮሊ።" ቆየት ብሎ "ካኮሊ...ይ።" እግሬ በሩ ላይ አደረሰኝ። መቀርቀሪያውን ስቤዋለሁ። ሻርባኒዬ፣ እንዴት እንደናፈቅሽኝ! ስሜን የሚጠራ ሰው እኮ ከጠፋ ሰነበተ።

ከዚያ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ።

ኅዳር 14

ቅዳሜ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ደረስኩ።

የሱቢማል ሚስት ሚናቲ ብስኩት አቀረበችልኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሰዓቷን ግን ታያለች። ቱንቱኒ ወጣች። ጸጉሯ በዘይት ተቀብቶ ተጎንጉኗል። ጎንበስ ብላ ለሰላምታ እግሬን ነካች፣ የሩቅ እንግዳ እግር እንደሚነካው።

"እንደምን ዋሉ፣ አክስቴ?"

ዋሉ! አንቱታውን እኔ አላስተማርኳትም፣ ከራሷ ነው የጨመረችው። ስለ ሒሳብ ትምህርቷ ጠየቅኳት። ስለ ጎረቤቱ በቀቀን ነገረችኝ። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ተጣጥፈው አልተነቃነቁም። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም።

"ጨዋነቷን አየሽልኝ?" አለች ሚናቲ።

"አየሁ።"

ልወጣ ስል ጃንጥላዬን ይዛ አጥሩ ድረስ ሮጣ መጣች። ለማቀበል ብላ አንገቴን ጎትታ ጆሮዬ ላይ፣ "ማሞኒ፣ አንቺ ግን ዐይንሽ እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ ከሆንሽ ያውቁብናል።"

"እሺ" አልኳት። "ሁለተኛ አይለምደኝም።"