ስለ ጉልበትሽ በኮሚቴ የተባለው

ለታላቄ፣ ለእታለም፤

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት አንድ ኀፍረቴን ልንገርሽና ይውጣልኝ። ትናንት ከፓርላማው ቤተ መጻሕፍት ተባረርኩ። አዎ፣ እኔ ታናሽሽ፣ ይህን ያህል ዕድሜ ይዤ፣ እንደ ረባሽ ተማሪ በክንዴ ተይዤ ወጣሁ። ጥፋቴ መጮኼ ነው። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ በሚያነብበት፣ ወረቀት ሲገለጥ እንኳ በሚሰማበት አዳራሽ ውስጥ "ኧረ ጉድ" ብዬ ወንበሩን ገልብጬ ተነሳሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ መነጽራቸው ወልቆ መጽሐፋቸው ላይ ወደቀ። ያስጮኸኝን ስትሰሚ አንቺም ዝም የምትዪ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ፊት አትክፈቺው። ከሥራ ስትወጪ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ምጥ መጣ እያሉ ከእንቅልፍሽ የሚቀሰቅሱሽ ትንሽ ፋታ ሰጡሽ? ሳልሽ ለቀቀሽ? ጉልበትሽስ? "ጉልበቴ ደግሞ ምን ሆነና ነው የምትጠይቀኝ" እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ወረድ ስትዪ ታገኚዋለሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ካንቺ ናፍቆትና ቆሜ በመዋል ከሚያብጠው እግሬ በቀር ምንም አልሆንኩም። ፀጉር ቤቱም እንደ ወትሮው ነው፤ ሲሞላ መቀመጫ ይጠፋል፣ ሲጎድል እርስ በርሳችን ፀጉር እየተሠራራን እንውላለን።

ነገሩን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን የቤታችሁን ስልክ ልብስ ስፌት ሱቁ ውስጥ ሆኖ የሚያነሳው ባልሽ ነው። እሱ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ካልከፈተ የሰማ አይመስለውም፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ አብሮ ያዳምጠናል። ይህ ግን መጀመሪያ ላንቺ ብቻ መድረስ አለበት።

ባለፈው የጻፍሽልኝን ታስታውሻለሽ። ተወካያችን፣ ያ በቴሌቪዥን ሲናገር መስኮት የሚያንቀጠቅጠውና ነጎድጓዱ የምንለው ሰውዬ፣ ማዋለጃችን እንዳይዘጋ ስለታገለልን የፊታችን እሑድ አገሬው ተሰብስቦ ሊያመሰግነው ነው። በእናቶቹ ስም የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ አብዛኞቹን ያዋለድሽ አንቺ ስለሆንሽ ማን ሊቀድምሽ። ባልሽም ከጥሩ ጨርቅ ኮት እየሰፋለት ነው። አንቺም "ፓርላማው ደጃፍ ነሽና ከተናገራቸው ውስጥ ያማሩትን መርጠሽ ላኪልኝ፣ ንግግሬን አሳምርባቸዋለሁ" አልሺኝ።

ከደንበኞቼ አንዷ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ ናት። እኔ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አፏ አያርፍም፤ የማን ባል የት እንዳመሸ ሳይቀር ከሷ ነው የምሰማው። ጉዳዩን ሳነሳባት፣ እዚያ ቤት የተነገረው ሁሉ ተጽፎ ኮምፒውተር ውስጥ እንደሚገባ፣ ማንም ሰው መታወቂያውን አሳይቶ መፈለግ እንደሚችል ነገረችኝ። ትናንት ሰኞ ዕረፍቴ ስለሆነ ደህና ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ያቺ ወሬኛ ደንበኛዬ ጠፍታ በምትኳ ጣቷን አፏ ላይ ያደረገች ኮስታራ ሴት ጠበቀችኝ፤ ሴትየዋ ራሷው ደንበኛዬ ናት። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

የሰውዬውን ስምና "ማዋለጃ" የሚለውን ቃል ጽፌ ብጫነው ንግግሩ ተግተለተለ። እንዴት ያለ ንግግር መሰለሽ፤ "የእነዚያ እናቶች በር የተዘጋ ቀን እኔም ከዚህ ወንበር እነሳለሁ" ይላል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሱን እየገለበጥኩ ሳለ ደንበኛዬ ከኋላዬ መጥታ ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ "የምትፈልጊው ንግግሩን ነው ወይስ ሥራውን?" አለችኝ። ልዩነት አለው እንዴ ብላት፣ ይህ ካሜራ ፊት የተባለው ነው፤ ነገሩ በስሎ የሚያልቀው ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ እዚያ ካሜራ የለም፣ ያለችው የሚባለውን የምትጽፍ ሠራተኛ ብቻ ናት አለችኝ። ከታች ያለችውን "ኮሚቴ" የምትል ትንሽ ሳጥንም ነካችልኝ። እኛ እኮ ባልሽ ሱቅ ተሰብስበን ቴሌቪዥኑን እያየን ስናጨበጭብ ከዚያ አዳራሽ ጀርባ ሌላ ክፍል ይኖራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

የወጣውን ሳነብ መጀመሪያ ሞክሼው መሰለኝ። ማዋለጃው ይዘጋ፣ እናቶቹም ወደ ከተማው ሆስፒታል ይሂዱ ብሎ ሐሳቡን ያቀረበው ራሱ ነጎድጓዱ ነው። ያንን ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ በምጥ ይሂዱት ነው የሚለው። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ እንዳለ ልገልብጥልሽ፤ "የማዋለጃው አዋላጅ ራሷ፣ በሙያዋ የተመሰገነች ሴት ናት፣ ዝናብ ሲመጣ እናቶቹን ወደ ከተማ ብሸኛቸው ይሻለኛል ብላ በገዛ አፏ ነግራኛለች። ባለቤቶቹ ያልፈለጉትን ቤት እኛ ለምን እንጠግናለን?"

ያቺ አዋላጅ አንቺ ነሽ፣ እታለም። እዚያ ማዋለጃ ውስጥ ሌላ አዋላጅ የለም።

አላለችም ብዬ እንዳልከራከር ማለትሽን አውቃለሁ፤ ድምፅሽ ራሱ ነው የሚሰማኝ። አምና ለጉብኝት መጥቶ ሻይ ያጠጣሽው ዕለት ነው የነገርሽው። ጣሪያው እያፈሰሰ፣ አልጋው ላይ ላስቲክ ወጥረሽ፣ በአንድ እጅሽ ሕፃኑን ተቀብለሽ በሌላው ባልዲ ስታስጠጊ አንጀትሽ ቢያርር ነው እንደዚያ ያልሽው። ጣሪያ ስሩልኝ ማለትሽ ነበር። እሱ ግን አንገቱን እየነቀነቀ ሰምቶሽ፣ ሻይሽን ጠጥቶ፣ ቃልሽን ይዞ ሄዶ መዝጊያ አደረገው።

ገና አላለቀም፣ ትንሽ ታገሺኝ። ሁለተኛው ተወካያችን፣ ያ ባልሽ አንቀላፊው ብሎ ስም ያወጣለት፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳውን ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጦ ሱቁ መስታወት ላይ የለጠፈበት ሰው፣ እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ነበር። እጁን አውጥቶ "ሴትየዋ ዝጉት ነው ያለችህ ወይስ ጣሪያውን ስሩልኝ?" አለው። ነጎድጓዱ ትርጉሙ ያው ነው ብሎ መለሰ። አንቀላፊው ግን አልለቀቀውም፤ "ያው ከሆነ መጥታ እሷው ትንገረን" አለ። ሰብሳቢዋም ተስማምተው ጥሪው ሐሳቡን ባቀረበው ተወካይ በኩል እንዲደርስሽ ወሰኑ። ተወካዩ የተባለው ነጎድጓዱ ነው እንግዲህ። የደረሰሽ ጥሪ አለ? እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢደርስሽ እኔ ሳልሰማ አትውዪም ነበር።

ቀጣዩን ስብሰባ ከፈትኩ። ሰብሳቢዋ አዋላጇ የት አሉ ብለው ሲጠይቁ ነጎድጓዱ እንዲህ ይላል፤ "ሄጄ አነጋግሬያታለሁ። ጉልበቷን ክፉኛ ስለሚያማት መንገድ አይሆንላትም።"

የጮኽኩት እዚህ ጋ ነው። ያንን ዳገት ዕቃሽን አንጠልጥለሽ እየሮጥሽ የምትወጪው አንቺ፣ እኔን በእግር መንገድ ጥለሽኝ የምትሄጂው አንቺ፣ ጉልበተ ልምሾ ሆነሽ መዝገብ ላይ ሰፍረሻል።

ደንበኛዬ በክንዴ ይዛ አወጣችኝ። ኮሪደሩ ላይ እንደ ልጅ ተቆጣችኝና ወዲያው ውሃ አመጣችልኝ። አንቀላፊው የምትሉት ሰው ዓይኑን የሚጨፍነው ሲያዳምጥ ነው፤ ሲከፍተው የተናገሩትን ቃል በቃል ስለሚመልስላቸው የሚፈራው እሱ ነው አለችኝ። ከዚያ የኮሚቴው ጽሕፈት ቤት መስኮት ድረስ ይዛኝ ሄደች። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ጥሪው አሁንም እንዳልተሰረዘ፣ የመጨረሻው ስብሰባ የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ እንደሆነ ነግራኝ ግልባጩን ሰጠችኝ። ይኸው በፖስታው ውስጥ አለልሽ። በስምሽ ነው፣ በማንም በኩል ማለፍ የለበትም።

ቀኑን አስተዋልሽው? እሑድ ታመሰግኚዋለሽ፣ ማክሰኞ ይወሰናል። እሑድ ቆመሽ ካጨበጨብሽለት እሱንም ወስዶ "ይኸው አመስግናኛለች" ይላቸዋል። እኔ ነይ አልልሽም። የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፣ ሰውዬው እጁ ረጅም ነው፣ ነገ ተነገ ወዲያ የሚደርስብሽን እኔ ልሸከምልሽ አልችልም። አንቺው አስቢበት። አልጋዬን ግን አንጥፌያለሁ፣ ማክሰኞንም ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም፤ ዛሬ ጠዋት የአንዷን ፀጉር ቀለም ቀብቼ ረስቼያት ቡናማ የጠየቀችው ሴት ብርቱካን ሆና ሄደች።

ለአማትሽ ጉልበታቸውን ስሚልኝ፤ የእውነት የሚያማቸው እሳቸው ናቸውና መድኃኒቱን ይህን ደብዳቤ ከሚያመጣልሽ ሾፌር ጋር ልኬላቸዋለሁ። ለትልቋ ልጅሽ ፈተናውን እንኳን አለፍሽ በያት። መንታዎቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አሁንም አላውቅምና ሁለቱንም እኩል። ለማዋለጃው የጽዳት ሠራተኛ፣ ያንን ባልዲ ለምትደፋው፣ ልዩ ሰላምታ አድርሺልኝ።

ለባልሽም ሰላም በይልኝ። ደብዳቤውን መቼ እንደምታሳዪው አንቺ ታውቂያለሽ፤ እስከዚያው ግን በሆነ ሰበብ ኮቱን አዝራር እንዳይተክልበት፣ እጅጌውንም እንዳይቆርጠው አድርጊልኝ። ስብሰባው ለአድማጭ ክፍት ነው ስላሉኝ መጣሽም ቀረሽም ማክሰኞ እዚያ አግዳሚ ላይ እገኛለሁ። አንቀላፊውን በቅርብ አየውና የትከሻውን ስፋትና የክንዱን ርዝመት በዓይኔ ለክቼ እጽፍላችኋለሁ።

የምትወድሽ ታናሽሽ

ከፀጉር ቤቱ ጓዳ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል