ለእንግዳ እንዳንነሣ ያስተማሩን ዶክተር የህያ ከሊፋ

ከሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የብርሃን መሣሪያዎች ጥናት ማኅበር ለሠራተኞች፣ ለአባላትና ለሕዝብ የተሰጠ የሀዘን መግለጫ
ሱሉልታ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራች አባልና የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ዶክተር የህያ ከሊፋ ባደረባቸው ሕመም በተወለዱበት ቡራዩ ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ቤተሰቦቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። ማኅበሩ የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን እየገለጸ የአገልግሎት ታሪካቸውን በአጭሩ ያቀርባል። በቀብሩ ላይ ስላልተገኘች አንዲት ባልደረባችንም ሕዝቡ ሊያውቀው የሚገባውን አብሮ ያስታውቃል።

ዶክተር የህያ ጨርቅ ከሚነግድ ቤተሰብ ተወልደው ፊዚክስ አጥንተዋል፤ ለረጅም ዓመታትም አስተምረዋል። ሥራቸው ላልሰማ ሰው ባጭሩ ይህ ነበር። በተራ ማይክሮስኮፕ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ያነሰ ነገር ተደባልቆ ስለሚታይ መለየት አይቻልም። እሳቸው የሌዘርን ብርሃን በሾለ የወርቅ ሽቦ ጫፍ ላይ ይሰበስቡና ጫፉን በናሙናው ላይ ነጥብ በነጥብ ያስኬዱት ነበር። ተመልሶ ከሚመጣው የብርሃን ቀለም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ያነቡ ነበር። አንድ ምስል ለማንሣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ ምንም ነገር መነቃነቅ የለበትም።

በ2008 ዓ.ም. ላቦራቶሪው በሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር ሥራ ጀመረ። ዶክተር የህያ የወርቅ ሽቦውን በአሲድ እያሟሙ የሚያሾሉበትን ዘዴ ያሻሻሉት እዚያ ነው። ቀደም ሲል አብዛኛው ጫፍ ዶልዱሞ ይወጣ ነበር፤ አሲዱ ሽቦውን እንደቆረጠ ኤሌክትሪኩ በቅጽበት እንዲቋረጥ ካደረጉ በኋላ ብክነቱ ቀነሰ። ይሁን እንጂ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በሰበታ ለሚማሩ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ስለ መሣሪያው ገለጻ ሰጡ። ጫፉ ገጹን እንደ ጣት እየዳሰሰ እንደሚያነብ ሲነግሯቸው ተማሪዎቹ ወዲያው ተረዱ። ይኸው ገለጻ ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴም ተሰጥቷል፤ ተደጋግሞ ተሰጥቷል።

በ2010 ዓ.ም. ላቦራቶሪውን ወደ ቡራዩ ለማዛወር ታስቦ ነበር። ቦታውን ለማየት በሄድንበት ቀን የድንጋይ መፍጫው እርስ በርሳችን እንኳ እንዳንሰማማ ስላደረገን ሐሳቡ ያለ ክርክር ቀረ።

በ2011 ዓ.ም. ወደ ሱሉልታ ተዛወርን። ጸጥ ያለውን ቦታ ያገኙልን የአካባቢው ሽማግሌ ኦቦ ጉታ ናቸው። ከመኪናም ከመፍጫም ተገላገልን ብለን ዐረፍን።

በ2014 ዓ.ም. ባልደረባችን ሩታ ማርቆስ ለውሃ ማጣሪያ ብላ ከሁለት ዓይነት ፕላስቲክ የሠራችው ስስ ንጣፍ ምስል ተነሣ። በምስሉ ላይ ሁለቱ ፕላስቲኮች ሳይዋሐዱ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተለያይተው ታዩ። ይህም ንጣፉ ውሃ ሲያገኘው ይላቀቃል ማለት ነበር። ማኅበሩ ግኝቱን በደስታ አሳወቀ፤ ምስሉንም በግድግዳ ካላንደሩ ላይ አሳተመ። ሩታ ግን የደከመችበትን ሥራ አቆመች።

በ2015 ዓ.ም. ዶክተር የህያ እንዲህ ያለው መስመር ኦቦ ጉታ ለሰላምታ ብቅ በሚሉባቸው ቀናት ብቻ እንደሚታይ አስተዋሉ። ኦቦ ጉታ ሲገቡ ክፍሉ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ ወለሉ ይነቃነቃል፤ ጫፉ ይዘላል፤ መስመሩ ይሰመራል። ለማረጋገጥ ኦቦ ጉታ እየወጡ እንዲገቡ ተለመኑ። በገቡ ቁጥር ተነሣን፤ በተነሣን ቁጥር መስመሩ መጣ። ኦቦ ጉታ መመላለሱ ቢያደክማቸው «ኤጋ፣ እንግዲያ በሽታው እኔ ነኝ በሉኛ!» አሉ። ዶክተር የህያም «እርስዎማ ምን አደረጉ፣ ኦቦ ጉታ? በሽታው የኛ ጨዋነት ነው» ብለው መለሱላቸው።

ግኝቱ እንዲሻር ጠቅላላ ጉባኤውን የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ካላንደሩ ተሸጦ ስላላለቀ ጉዳዩ ትንሽ ቢቆይ የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ቀርቦ ነበር። እሳቸው ግን «መስመሩ እኛ ነን። የልጅቷ ልፋት እኛ ስለተነሣን ወድቆ አይቀርም» አሉ። ማስተካከያው በቀጣዩ ዓመት ካላንደር ላይ፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ታተመ።

በ2016 ዓ.ም. በላቦራቶሪው በር ላይ ምስል ሲነሣ የሚበራ ቀይ መብራት አስተከሉ። መብራቱ በርቶ ሳለ ለሽማግሌም፣ ለባለሥልጣንም፣ ለአማትም አይነሣም። ደንቡን አስቀድመው የተቀበሉት ኦቦ ጉታ ሲሆኑ፣ እስከ ዛሬም መብራቱ እስኪጠፋ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሩታ «ዶክተር፣ እርስዎ ሲገቡስ?» ብላ ብትጠይቃቸው «እኔ ሞቼ መጥተው ቢነግሩሽም እንዳትነሺ» አሏት። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

የሩታ ንጣፍ እንደገና እንዲታይ የተያዘው ዕቅድ አንዴ ኤሌክትሪክ በመቋረጡ፣ አንዴ ጫፍ በመዶልዶሙ ሲዘገይ ቆየ። ዶክተር የህያ አልጋ ላይ ከመዋላቸው በፊት በእጃቸው ያሾሉት አንድ ጫፍ ቀርቶ ነበር። ጫፉ የሚያገለግለው ለአንድ ምስል ነው፤ ከተቋረጠ አይደገምም።

ባረፉበት ዕለት ጠዋት ሩታ በዚያ ጫፍ ምስሉን ጀምራ ነበር። የግምጃ ቤት ሠራተኛው ሌንጮ በሩን ገርበብ አድርጎ «ሩታ፣ ዶክተር ዐርፈዋል። ቀብሩ ዛሬውኑ ነው፤ መኪናው ቆሞ እየጠበቀሽ ነው» አላት። ቀይ መብራቱ በርቶ ነበር። ሩታ «እናንተ ሂዱ» አለችው። ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ምስሉ ያለቀው ቀባሪው ከተመለሰ በኋላ ነው።

በምስሉ ላይ መስመሩ የለም። ሁለቱ ፕላስቲኮች ቀስ በቀስ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገቡ ተዋሕደው ይታያሉ። የ2014ቱ ሥጋት መሠረት የሌለው መሆኑ ስለታወቀ የሩታ ሥራ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከቀብር መቅረት በኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። በሠፈርም በማኅበሩም ውስጥ ስለ ሩታ ብዙ ተብሏል፤ ካሟት ሰዎች መካከል ይህን መግለጫ ያጸደቁም አሉበት። ሩታ በማግሥቱ ለቅሶ ቤት ደርሳ መግባት ፈርታ በር ላይ ቆማ ሳለ፣ የዶክተሩ ባለቤት ወይዘሮ ራህመት አይተዋት «ምስሉ ወጣ?» ብለው ጠየቋት።

«ወጣ፣ እትዬ።»

«መስመሩስ?»

«የለም።»

«አልሐምዱሊላህ። በይ ግቢ፤ እዚህ ቤት ቀይ መብራት የለም» አሏት።

ባለቤታቸው ይህን ካሉ ማኅበሩ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሩታ ማርቆስ የተቀመጠችው በዶክተር የህያ ቃል መሠረት፣ በዶክተር የህያ ጫፍ፣ የዶክተር የህያን ስህተት ማረም ስለነበረባት ነው፤ ስህተቱ የሁላችንም እንደነበረ ደግሞ ካላንደሩ ይመሰክራል። ከእንግዲህ ይህን ጉዳይ በሐሜት የሚያነሣ አባል ቢኖር መግለጫውን እንደገና እንዲያነብ ይጠየቃል።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ራህመት፣ ለልጆቻቸው፣ ለቡራዩ ጎረቤቶቻቸውና ለሦስቱ ከተሞች ባልደረቦቻቸው በሙሉ መጽናናትን ይመኛል። አላህ ማረፊያቸውን ያስፋላቸው።

የመታሰቢያ ስብሰባው በመጪው እሑድ በሱሉልታ፣ በዚያው በላቦራቶሪው ክፍል ይካሄዳል። በዕለቱ ምንም ምስል አይነሣም፤ ሌዘሩም ይዘጋል። ቀይ መብራቱን የምታጠፋው ሩታ ናት። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ወይዘሮ ራህመት ከልጆቻቸውና ከኦቦ ጉታ ጋር ሲገቡ፣ ሁላችንም «ኖር!» ብለን እንድንነሣ ተወስኗል። ወለሉም የፈለገውን ያህል ይነቃነቅ።